ለሚደፋ ውሃ የተቀመጠች ስኒ

በዚያ ሰሞን እንጀራዬ አለመስማማት ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ እኔ ጥግ ይዤ ለምን ስህተት እንደሆነ እጽፋለሁ። ሰዉ ሐሳቡን ሲቀይር እኔም እቀይራለሁ፤ ወደ ተቃራኒው። የባህል መድኃኒትን ለምሳሌ ውሰዱ። የተማረው ሁሉ «ቅጠላ ቅጠል» እያለ ሲያፌዝ ለቅጠሉ ጠበቃ ቆሜያለሁ። «አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር» የሚለው ወገን ሲበረታ ደግሞ፣ አባቶቻችን ስንቱን ሆድ የታመመ በኮሶ ገርፈው እንደሸኙት ጽፌያለሁ። ሁለቱንም ስጽፍ ከልቤ ነበር። በሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድም ተክል በስሙ ተጠርቶ፣ ሥሩ ነው ወይስ ፍሬው፣ ጥሬው ነው ወይስ የታጠበው ተብሎ አልተጠየቀም። ይህ ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያወቅሁት በአንድ ቀን፣ በአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።

ወሩ ጥር ነበር። ለአስተርእዮ ማርያም ታላቅ እኅቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እትየ የሻረግ የምትኖረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ በጋሪ ወደ ውስጥ በሚገባባት መንደር ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከልጇ ከሙሉቀን ጋር ታርሳለች። ክረምቱ ላይ ስኳር እንዳለባት ታውቆ ኪኒን ታዞላት ነበር። «እየዋጥሽ ነው?» ስላት «ሌላ ምን ሥራ አለኝ ብለህ» ትለኛለች። ከዚህ መልስ ውስጥ አዎን ወይም አይደለምን ነጥሎ ማውጣት የቻለ ሰው ካለ እጅ እነሳዋለሁ።

እትየ የምትወዳት አንዲት ማሳ አለች፤ የግብጦ ማሳ። ግብጦን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ከባቄላ ወገን ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ጣል ያደርግበታል። ሌላው እህል የሰለቸው፣ ጤፍ ያስመረረው መሬት ላይ ይበቅላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ከአየር የሚወስደውን ምግብ ለአፈሩ ትቶለት ይሄዳል፤ ግብጦ በከረመበት መሬት ላይ በቀጣዩ ዓመት የሚዘራው እህል መልኩ ሌላ ነው። ዘሩ ግን መራራ ነው። ፍየል አይደፍረውም፤ ነቀዝ ይተወዋል። መራራውን የሠራው ለዚሁ ነው፤ እንዳይበላ። የእኛ ሰው ከዚህ ተክል ጋር የተዋዋለው ውል እንዲህ ነው፦ ዘሩ ይቆላል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ የመጀመሪያው ውሃ ከብት በማይደርስበት ቦታ ይደፋል፣ ከዚያ ዘሩ በከረጢት ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ያሳልፋል። ከረጢቱን ወንዝ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ያልታጠበ ግብጦ የሚሰርቅ ሌባ እስካሁን አልተወለደም። መጨረሻ ላይ አንዲት ፍሬ ምላስ ላይ ተደርጋ ትቀመሳለች። ካልመረረች ይበላል፤ ለአረቄም ይሆናል።

ሙሉቀን ደግሞ የመስኖ ሰው ነው። የውሃ ፓምፕ አለው፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያለማል፣ ጀርባው ላይ መርጫ ተሸክሞ ተባይ ሲያሳድድ ይውላል። ያችን የግብጦ ማሳ በርበሬ ሊያደርጋት መጎትጎት ከጀመረ ቆይቷል። በበዓሉ ቀን፣ ጠጁ ከተቀዳ በኋላ፣ እንግዳው በሞላበት ነገሩን አነሳው፤ ካልታጠበ በማይበላ ነገር መሬት እናባክናለን የሚል ነበር። እትየ ብርሌዋን አስቀመጠች።

«እሷን መሬት እኔን ቀብረህ እረሳት» አለችው።

እንግዳው ሳቀ። ጎረቤቷ አያ ቸኮል «ይኸ ዳኛ አያሻውም» ብሎ ጠጁን ተጎነጨ። ያ ቃል በማግስቱ ምስክር ሆኖ እንደሚጠራ ማንም አላሰበም።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከግድግዳው ሥር የተቆላ ግብጦ በባልዲ ተዘፍዝፎ አድሯል። ከአጠገቡ አንድ ማሰሮ አለ፤ በውስጡ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ላይ አረፋ የያዘ ውሃ። ማሰሮው በሳህን ተከድኗል፤ ሳህኑ ላይ አንዲት ጆሮዋ የተሰበረ ስኒ ተደፍታለች። እትየ ከኋላዬ መጣች። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የሚደፋ ነው» አለችና በእኔና በማሰሮው መካከል ገብታ ቆመች። አልደፋችውም። እኔም ፊቴን ታጥቤ መጽሐፌን ይዤ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ መጣች። አረማመዷ መሬቱ ጎርበጥባጣ የሆነባት ሰው ነበር። እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ በስሜ ጠራችኝ።

«ይበልጣል፣ ምነው ፀሐዩ ዛሬ እንዲህ ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ዓይኔን ወጋኝ እኮ። አፌም ዱቄት የነሰነሱበት መሰለኝ።» ፊቴን ለማየት ትንሽ ታገለች። «ሁለት ሆነህ ነው የምትታየኝ። አንዱንስ መች ቻልነው።»

ሳቅሁ። እኔ ሳቄን ሳልጨርስ እሷ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ከዚያ የመውደቅ ድምፅ ተሰማ።

ደርሼ ሳነሳት ሰውነቷ ይፋጃል። ሙሉቀን ከማሳው እየሮጠ መጣ። እናቱን ከመንካቱ በፊት ዓይኑ አጠገቧ ወደወደቀ ነገር ሄደ፤ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ነው፣ ባዶ። አንስቶ አሸተተው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀሚሷን አሸተተ። ቀሚሷም ያንኑ ይሸታል። የፊቱ ቀለም ሲሸሽ አየሁት።

አያ ቸኮል ጩኸቱን ሰምቶ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ጠርሙሱን ሲያይ የሚቀረው ነገር አልነበረም። የእሱ ታናሽ ወንድም አንድ ጊዜ ይህንኑ ጠጥቶ በጤና ጣቢያው መርፌ ድኗል፤ ስለዚህ በመንደሩ ስለ ተባይ መድኃኒት ባለሙያው እሱ ነው። ጋሪ አስመጣ፣ ፍራሽ አስነጠፈ፣ ሴቶቹን ከመንገድ አስወጣ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ከድምፁ ጋር ነው የሚሄደው። ጋሪው ሲነሳ ለሙሉቀን ብቻ የነገረ መስሎት፣ ለሁላችንም እየተሰማ፣ ራሷን አጥፍታ ከሞተች ቄሶቹ ፍትሐት እንደማያደርጉላት፣ መፍጠን እንደሚበጅ ተናገረ።

መንገዱ ሁሉ እትየ ከነጠላዋ ላይ የማይታይ ነገር ስትለቅም ነበር። ከሞተች ብዙ ዘመን ከሆናት እናታችን ጋር ታወራለች፤ በሩን ዝጊው፣ ጥጆቹ ገቡ ትላታለች። ከንፈሯን በውሃ ሳርሰው ወዲያው ይደርቃል። ሙሉቀን ጋሪው ላይ አልወጣም። ከጎን ከጎን ይሮጣል። አንድ ዳገት ላይ ፈረሱ ሲያዘግም ወደ እኔ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ትናንት ያለችውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ የገደልኳት እኔ ነኛ።»

ጎንበስ ብዬ ከንፈሯን ማርጠብ ቀጠልኩ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ አምቡላንሱ የለም፤ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄዷል። ኔትወርክ ከጠፋ ቀናት ሆኖታል። መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ያገኘነው ሲስተር ሀብታምን ነው፤ ወጣት ናት፣ በዕለቱ ተረኛዋ እሷ ብቻ ነበረች። አያ ቸኮል ጋሪው ሳይቆም ታሪኩን ጨርሶላታል፤ ከልጇ ተጣልታ የተባይ መድኃኒት ጠጥታ ነው፣ መርፌውን ቶሎ። ሲስተር ጠርሙሱን ተቀብላ ጽሑፉን አነበበች፤ እትየን አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ከፍ ብሏል፣ ግን ሰው የሚጥል አይደለም አለች። መርፌውን ሞልታ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የስልኳን መብራት አብርታ የእኅቴን ዓይን ገለጠች።

እዚያ ላይ ቆመች።

ሌላውን ዓይን ገለጠች። እጇን ብብቷ ውስጥ አስገብታ አወጣችና ጣቶቿን አየች። አፏን ከፍታ ምላሷን ነካች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ቀድሞ መርፌ የወጋት ሰው እንዳለ ጠየቀች። ማንም አልወጋትም።

«እንግዲያው አልገባኝም» አለች። «ይህን የጠጣ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል። እሷ አፏ ደርቋል፣ ቆዳዋ ደርቋል፣ ብሌኗ ዓይኗን ሞልቶታል። ሁሉ ነገሯ የተገላቢጦሽ ነው።»

አያ ቸኮል ትዕግሥቱ አለቀ። «ወንድሜን በዚሁ መርፌ አይደል ያዳንሽልኝ? ለእሷ ለምን ትሰስቻለሽ?»

«የወንድምዎ ብሌን የሰናፍጭ ፍሬ አክሎ ነበር፤ አልረሳሁትም። የእርሷን ቀርበው ይዩት።»

አልቀረበም።

እኔን ወደ ጥግ ወሰደችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳችኝ። መርፌው የሚሠራው የመርዙን ተቃራኒ በማድረግ ነው፤ ምራቅ ያደርቃል፣ ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያፈጥናል። እትየ ግን ያለ መርፌው ደርቃለች፣ ብሌኗ ሰፍቷል፣ ልቧ እየጋለበ ነው። ስለዚህ የወሰደችው ከመርፌው ጋር የሚመሳሰል ሌላ ነገር ከሆነ፣ መርፌው እሳት ላይ ጋዝ ነው። የተባይ መድኃኒቱን ጠጥታ ከሆነና ይህ ምልክት ሌላ ምክንያት ኖሮት ከሆነ ደግሞ፣ መርፌውን መከልከል መግደል ነው። ሐኪም ልጠይቅ ብትል ስልክ የለም።

«ሌላ ምን ቀምሳለች?» አለችኝ። «ቅጠል፣ ሥር፣ ዘር። አስታውሱልኝ። ብዙ ልጠብቅ አልችልም።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ተስማምቷል፤ ጠርሙስ አለ፣ ሽታ አለ፣ ጠብ አለ፣ የተናገረችው ቃል አለ። እንዲህ ያለ ስምምነት ሳይ ማፍረስ ይበላኛል፤ ያደግሁበት አመል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አለመስማማት የሚያስከፍለኝ ቢበዛ ከአንባቢ የሚመጣ ስድብ ነበር። አሁን ዋጋው አልጋ ላይ ተኝታ ነጠላ ትለቅማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር መስማማት አማረኝ። መርፌው ይሰጣት ማለት ቀላል ነበር፤ ብትሞት እንኳ ከሁሉም ጋር ሆኜ ነው የተሳሳትኩት።

አፌን ልከፍት ስል ስኒዋ ትዝ አለችኝ። ማሰሮው፣ ሳህኑ፣ በላዩ የተደፋችው ስኒ። የሚደፋ ነው ብላኛለች። ለሚደፋ ውሃ ስኒ ምን ያደርጋል?

ሙሉቀንን ስለ ማሰሮው ጠየቅሁት። ምንም አያውቅም። ቀሚሷ ለምን እንደሚሸት ስጠይቀው ግን ቆም ብሎ አሰበና፣ ማለዳ የመርጫ ልብሱን ስታጥብለት እንደነበር አስታወሰ። ጠርሙሱንም ከግድግዳው ሥር የጣለው ራሱ ነው፤ በበዓሉ ዋዜማ፣ ባዶውን። ይህን ሲናገር እንኳ ራሱን ነጻ እያወጣ መሆኑ አልገባውም።

ሄጄ እትየን ጠየቅኋት። ምን ጠጣሽ? «ምንም» አለች። ቀደም ብሎ አያ ቸኮልም፣ ሲስተርም፣ ልጇም ጠይቀዋታል፤ ያው «ምንም» ነው። አእምሮዋ ከእናታችን ጥጆች ጋር እየባዘነ እንኳ ከንፈሯ ላይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ደግሞ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። በአገራችን መድኃኒት አይነገርም። ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሄዳል። አዋቂው ለልጁ እንኳ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለ፤ ያው ሕመም ያለበት ሰው በማርያም ስም ከለመነ በጆሮው ይሰጠዋል።

ሙሉቀን ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ፣ መርፌዋን ትስጣት። ፍልስፍናውን በኋላ ይጽፉታል።»

«አንድ ጊዜ ታገሠኝ።»

«እናቴ ናት።»

«እኅቴም ናት» አልኩትና አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። አፌን ጆሮዋ ላይ አደረግሁ።

«እትየ፣ እኔም ስኳር ተገኘብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ማርያም ብለሽ የምትጠጪውን ስጪኝ።»

ነጠላ መልቀሟን አቆመች። ጥቁር ብቻ የሆነው ዓይኗ ፊቴን ፈለገ።

«መቼ?»

«ባለፈው ወር።»

«ትናንት ጠጁን እንዲያ ስትገለብጠው?» አለች። በዚያች ሰዓት እንኳ አልማረችኝም። «ጆሮህን አምጣ።»

አመጣሁ። ትንፋሿ እንደ ምድጃ ነው። ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ነገረችኝ፤ ግብጦ ተቆልቶ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ነው፤ በባዶ ሆድ፤ ጠዋት። መራራው ስኳሩን ይገድለዋል።

«አንድ ስኒ ነው» አለች። «ከዚያ አትለፍ።»

«አንቺስ ዛሬ?»

ሲስተር በእግሬ በኩል ቆማ ትሰማለች።

«ትናንት ጠጅ ቀምሼ የለ» አለች እትየ። «ማሩን እንዲያጥብልኝ ብዬ ደጋገምኩት። እስኪመረኝ። ኋላ ግን መራራውም አልሰማ አለኝ።» ከዚያ እጄን ጨበጠችው። «እንዳትናገር። ይረክሳል።»

ተነሥቼ ለሲስተር ሀብታም ተናገርኩ። ሙሉ በሙሉ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ሲስተር ግብጦን እንደማንኛውም የአካባቢው ልጅ ታውቀዋለች፤ አጥባ በልታዋለች። ውሃውን የጠጣ ሰው ግን አይታ አታውቅም። የምትይዘው ነገር የምትቃዥ ሴት ቃልና የእኔ ስኒ ብቻ ነው። እትየን እንደገና አየቻት፤ ዓይኗን፣ ምላሷን፣ ቆዳዋን። እነሱና ቃሉ ይስማማሉ። ጠርሙሱና ጠቡ ግን ከሰውነቷ ጋር አይስማሙም። መርፌውን ከትሪው አንስታ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው፤ ግን አልጣለችውም። ያ መርፌ እዚያ መቀመጡ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ሁሉ አስረዘመብኝ።

«አልሰጥም» አለች። «ምራቋ ከመጣ፣ ላብ ካጠመቃት፣ ብሌኗ መጥበብ ከጀመረ ያን ጊዜ እሰጣለሁ። ግሉኮስ የተባለውን ሁሉ አትለምኑኝ፤ ስኳር አለባት፤ የጨው ውሃ እተክልላታለሁ። እናንተ ሰውነቷን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙ።»

አያ ቸኮል ነገሩ ካልሆነ ደሟ በማን እጅ እንደሆነ ጠየቀ። ሲስተር የጨው ውሃውን መትከል ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው መጠበቅ ነው። ሙሉቀን ጨርቁን ያርሳል፣ እኔ ግንባሯን እነካለሁ፣ ሁለታችንም ላብ እንዳይመጣ እንጸልያለን። ላብ ባለመኖሩ ሰው ሲደሰት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ጊዜ ጉንጯ ላይ እርጥበት አየሁና ሲስተርን ጠራኋት፤ ዘልላ መጣች፤ ከጨርቁ የተንጠባጠበ ውሃ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ እትየ ተነሥታ ልትሮጥ ታግላ ሦስት ሰው ሆነን ያዝናት። ልቧ እጄ ሥር እንደተባረረች ሚዳቋ ይመታል። ሙሉቀን ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን መርፌ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም፤ ብትሞት ኖሮ የቀረ ዘመኔን ሁሉ በዚያ ዓይን ነበር የሚያየኝ።

አምቡላንሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ዓይኗን አየ፣ የሲስተርን ማስታወሻ አነበበ፣ መርፌው አለመሰጠቱን ሁለት ጊዜ ጠየቀና «እሰይ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። የሕክምና ምስክርነት ሲባል እንዲህ አጭር ቃል ይበቃኛል።

ሲነጋ እትየ ውሃ ጠየቀች። ፊቷ የራሷ ፊት ሆኗል። ሙሉቀን እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ምነው እንዲህ ጠቆርክ አለችው። እሱ መናገር ስላቃተው እኔ ነገርኳት፤ ጠርሙሱን፣ ሽታውን፣ አገሩ ሁሉ ምን እንዳመነ።

«እኔ?» አለች። «የማርያም ለት የቆረብኩ ሴት በማግስቱ መርዝ እጠጣለሁ?» ወደ ልጇ ዞረች። «አንተም አመንክ?»

«ብለሽ ነበራ። ቀብረህ እረስ ብለሽ።»

«እሱንማ አሁንም እላለሁ» አለችው።

ሙሉቀን ፊቱን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ እሷም እጇን ጭንቅላቱ ላይ አደረገች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ ጥሩ ነበር። የሆስፒታሉ ነርስ ግን ስኳሯን ልትለካ መጣች። እትየ ጣቷን ከመስጠቷ በፊት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሱንም ውጊው። አለበት። በማርያም ስም ለምኖ ራሱ ነግሮኛል።»

ከቅዠቷ ሁሉ ያስቀረችው ይህን ብቻ ነበር። ውሸት ነው ብል ማታለሌን ልታውቅ ነው፤ በማርያም ስም የዋሸሁ መሆኔንም ጭምር። ጣቴን ዘረጋሁ። ነርሷ መሣሪያውን አየች፤ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልበላሁም። እንደገና ልውጋዎት አለችኝ። እንደገና ወጋችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ነርስ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እነሆ ዛሬ በየጠዋቱ ኪኒን የምውጥ ሰው ነኝ። እኅቴን ለማዳን የፈጠርኩት ውሸት ለካ ቀድሞኝ የነበረ እውነት ነው።

ታሪኩን የሚሰሙ ወዳጆቼ ወዲያው ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ «አየህ የባህል መድኃኒት ጣጣ» ይላሉ። ባህሉ ምን አደረገ? ባህሉ ያን ውሃ ድፉት፣ ከብት እንኳ አይጠጣው ነው ያለው። እትየ ጠጪው የተባለችው ቡሬ ገበያ ባገኘቻት ሴት ነው፤ ሴትየዋም የሰማችው ከስልክ ላይ ቪዲዮ ነው። በጆሮ የተሰጠው ምስጢር የአገሩ ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ «ተፈጥሮ አይጎዳም፣ መጠኑን አብዝታ ነው» ይላሉ። ግብጦ ለማንም እንዲህ ያለ ቃል አልገባም። መራራውን የሠራው እንዳይበላ ነው፤ ምላስ ላይ ጣፋጭን ስለሚያሸንፍ ደም ውስጥም ያሸንፋል ብለን የገመትነው እኛ ነን። ምናልባት ከዚያ ዘር ውስጥ አንድ ቀን ለስኳር የሚበጅ ነገር ይገኝ ይሆናል፤ አልክድም። የሚገኘው ግን ተለክቶ፣ ተነግሮ፣ ተጠይቆ ነው። የማይነገር መድኃኒት የማይጠየቅ መድኃኒት ነው፤ እኅቴን ሊገድላት የደረሰው ከመራራው እኩል ዝምታው ነበር።

እትየ መድኃኒቷን ነግሬ እንዳረከስኩባት ሳታነሳ የምታልፍበት ቀን የለም። ከእንግዲህ አይሠራም ትላለች። ደግሞም አትጠጣውም፤ ለረከሰ ነገር ጊዜ የላትም። እናም አንባቢ ሆይ፣ ይኸው ለእናንተም ነገርኩ። ፈጽሞ እስኪረክስ ድረስ ለሌላውም ንገሩልኝ። እናንተም ጓሮ ውስጥ ለሚደፋ ውሃ የተቀመጠች ስኒ ካያችሁ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ አትለፉ።

ማሳዋ እስካሁን የግብጦ ናት። እሷ በሕይወት ስላለች ጭቅጭቁም በሕይወት አለ፤ ሙሉቀን ግን በእንግዳ ፊት ማንሳቱን ትቷል። ባለፈው ጊዜ ስሄድ ከእትየ ጋር ወንዝ ወረድን። ከረጢቱን ከውሃው ስባ ፈታችና አንዲት ፍሬ ለራሷ ወሰደች፤ አንዲት ለእኔ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። ለእኔ ጣፍጧል።

«ሆኗል» አልኳት።

እሷ ፍሬዋን በጥርሷ ከፍላ ምላሷ ላይ አቆየቻት፤ ተፋቻት።

«ገና ነው» አለችና ከረጢቱን አስራ ወደ ውሃው መለሰችው።

አልተከራከርኳትም።